ሰርቨሩ በላው

ጠዋት ጠዋት፣ ላውንድሪው ከመከፈቱ በፊት፣ አማትና ምራት ከባንኮኒው ጀርባ በመጋረጃ በተከለለችው ጓዳ ሻይ ይጠጣሉ። ጓዳዋ ለሁለት ሰው ትጠባለች፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ትሰፋለች። በአንድ በኩል ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ልብሶች ላስቲክ ለብሰው ተሰቅለዋል፤ በሌላው በኩል የሳሙና ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ ጉልበት ከጉልበት የምታነካካ ጠረጴዛ አለች። ያን ቀንም ምራቲቱ ከላይኛው ክፍል በእንጨቱ ደረጃ ስትወርድ አማቷ ሻዩን ቀድተው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ የእሷን ብርጭቆ በማንኪያ እያማሰሉ ጠበቋት። ስኳሯን የሚያማስሉላት እሳቸው ናቸው፤ መቼ እንደተጀመረ አይታወቅም፣ የሚያስቆመውም አልተገኘም። ስለ ሳሙና መወደድ አወሩ። መስቀያው ከሚሰቀልበት ሸሚዝ በዋጋ ሊበልጥ ምን ቀረው ተባባሉ። ጎረቤት ያለው ፀጉር ቤት ትልቅ መስታወት ማስገባቱንና ከዚያ ወዲህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እዚያ ሲደርስ አንገቱን ማስተካከል መጀመሩን አነሱና ሳቁ። ከዚያ አማቷ ዓይናቸውን ከብርጭቆው ሳያነሱ፣

«የማታው መልእክቴ ደረሰሽ?» አሉ።

«የቱ እማዬ?»

«ተይው። ሰርቨሩ በልቶት ነው።»

«ሳይበላው አይቀርም።»

«ይሄን ሁሉ በልቶ ሆዱ አለመፈንዳቱ!» አሉና ዳቦ ገፋ አደረጉላት።

መልእክቱ ግን ደርሷል። ምራቲቱ ማታውኑ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ አንብባዋለች፤ አንብባም በአውራ ጣቷ ጠርጋዋለች። «ልጄ፣ የላይኛውን ክፍል ለልብስ ሰፊው ብናከራየው ምን ይመስልሻል?» ነው የሚለው። ከዚያ በፊት የመጣውም ይህንኑ ነበር የሚለው፤ አንዳንዴ «ልጄ» መጀመሪያ ላይ ትሆናለች፣ አንዳንዴ መጨረሻ ላይ። አሳባቸው ክፉ አልነበረም። የላውንድሪው ቦይለር አርጅቶ እንደ ሽማግሌ እያጓራ ነው፤ የላይኛው ክፍል ኪራይ ደግሞ አዲስ ቦይለር ለመግዛት ጥሩ መነሻ ይሆናል። ልብስ ሰፊውም ጨዋ ሰው ነው፤ መስኮቱ ብርሃን ያስገባልኛል ብሎ በተስፋ እየጠበቀ ነው። ምራቲቱ ሥራዋን ከኋላ ባለው መኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ልትሠራው ትችላለች። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ አልደረሰኝም ትላለች።

ይህን ማለት ደግሞ በዚያ ቤት ማንም አያፍርበትም። ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው ከሰው አይሰማማምና ላውንድሪው በአፍ መነጋገር ከተወ ቆይቷል። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ታብሌት ተሰቅሏል፤ በታብሌቱ ላይ አንድ ገጽ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል። ባንኮኒ ላይ ያለችው ልጅ «ሁለት ብርድ ልብስ፣ ለነገ» ብላ ስትጽፍ፣ ጽሑፉ ከእሷ ብሮውዘር ተነስቶ በደረጃው ሥር ወዳለችው፣ ዳቦ መያዣ ወደምታክል ሰርቨር ይገባል፤ ሰርቨሩ ደግሞ በእጥበት ክፍሉ መስመር ላይ ላሉት ይወረውርላቸዋል። ለእጥበት አንድ መስመር፣ ለመተኮሻ ክፍሉ አንድ፣ ልብስ በየቤቱ ለሚያደርሰው አድራሽ አንድ፣ ለቤተሰቡም አንድ መስመር አለ። ይህን የሠራው ባሏ ነበር፤ እሷ ታርምለት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የምታርመው እሷ፣ የምትሠራውም እሷ ናት። ሲሠራው ግን አንድ ነገር እያወቀ ትቶታል፦ ላኪው መልስ አይጠብቅም። የባንኮኒዋ ልጅ ልካ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ትዞራለች፤ ሰርቨሩም ወርውሮ ወደ ሌላው ይዞራል። ፈጣን ነው። ነገር ግን በተወረወረበት ቅጽበት ኔትወርኩ የተቋረጠበት ሰው መልእክቱ ሲያልፈው እንኳ አያውቅም። «ሰርቨሩ በላው» የሚባለው ይህ ነው፤ አንድ እውነተኛ መብላት ሲገኝ አሥር የሐሰት መብላት አብሮት ይኖራል። አድራሹ ዳገቱን ጠልቶ ሲቀር ሰርቨሩ ነው የበላው። የእጥበት ሠራተኞቹ ለእሁድ ሥራ ሲጠሩ ሰርቨሩ ርቦት ነው የሚያድረው።

ዳቦውን ሳይጨርሱ ከመተኮሻው ክፍል የሥራ አስኪያጁ ድምፅ መጣ። ሥራ አስኪያጁ የአማቷ የበኩር ልጅ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ሲቆጣ ቃላቱን እንደ ሸሚዝ አንድ በአንድ እያራገፈ ነው የሚናገረው።

«ተልኮልሻል! እኔ ራሴ ባንኮኒው ላይ ቆሜ፣ ልጅቷ ስትጽፈው አይቻለሁ። ሐር ነው፣ በእንፋሎት እንዳይተኮስ!»

«ጋሼ፣ እኔ ዘንድ አልመጣም። ቢመጣ ምን ቆርጦኝ ነው ሐር ላይ እንፋሎት የምለቀው? የራሴን ጉንጭ ብተኩስ ይሻለኛል።»

«ማታ የቀሚሱ ባለቤት፣ ጠበቃዋ፣ ስትመጣ ምን ልበላት? ሰርቨሩ በላው ልበላት?»

«ቤቱ ሁሉ እሱን አይደል የሚለው? እኔ ጋ ሲደርስ ነው እንዴ ውሸት የሚሆነው?»

ጓዳው ውስጥ አማትና ምራት አልተያዩም። አማቷ በጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ጠረጉ።

«ኢንጂነር!» አለ ሥራ አስኪያጁ። ምራቲቱን ቤቱ ሁሉ የሚጠራት እንዲህ ነው። «እስቲ አንዴ ነይ!»

የመተኮሻው ክፍል ጠባብና ሙቅ ነው፤ መስኮቱ ሁልጊዜ ያላበው ነው። ትልቁ የእንፋሎት ማሽን መሐል ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የክፍሉ እመቤት ቆማለች። ስሟ የሚታወሰው ደመወዝ ሲከፈል ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ካውያ ትባላለች። ደንበኛ ሳይቀር ካውያ ይላታል፣ እሷም አቤት ትላለች። ወፍራም፣ ፈጣን፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ የምትሰበስብ፣ የሸሚዝ ኮሌታ አይታ የባለቤቱን ጠባይ እናገራለሁ የምትል ሴት ናት። ዛሬ ግን እጇን በሽርጧ ውስጥ ደብቃለች። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ የሐር ቀሚስ ተዘርግቷል፤ ከወገቡ በታች እንደ ዘቢብ ተጨማዷል።

«ንገሪኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አትዋሺኝም። መልእክት ተልኮ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል?»

አማቷ ከኋላዋ፣ መጋረጃው አጠገብ መቆማቸውን ሳትዞር አወቀች። «አይችልም» ካለች ካውያ ትሄዳለች። «ይችላል» ካለች ደግሞ የሚከተለው ጥያቄ ይታወቃል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልተስተካከለም ነው። መስተካከል እንደሚችል፣ ሥራውም የአንድ ቀን ሥራ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ይችላል» አለች። «ማሽኑ እንፋሎት ሲለቅ እዚህ ክፍል ኔትወርኩ አንዳንዴ ይቆረጣል። በዚያው ቅጽበት የተላከ ይጠፋል።»

«አንዳንዴ! አንዳንዴ የሚባል ነገር ይዤ ጠበቃ ፊት አልቆምም። ማታ እሷ ከመምጣቷ በፊት ዓይኔ እያየ አሳዪኝ። ካሳየሽኝ ጥፋቱ የቤቱ ነው፣ ቀሚሱን እኔ እተካለሁ። ካላሳየሽኝ ካውያ ሽርጧን ትፈታለች። ሐቅ አይደለም?»

ሐቅ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰርቨር የበላበት ሰው ነው።

ምራቲቱ ወደ ላይ ወጣች። የላይኛው ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ያያል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ባሏ በእርሳስ የሳለው የመስመሮቹ ንድፍ አለ፤ ቀለም ሲቀባ ቀቢው ዙሪያውን ቀብቶ እሱን እንዲተው ነግራዋለች። ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ሰው ገብቶ ቢያይ ከዚህ ክፍል ላለመውጣት ምክንያት የሚሆን ዕቃ አያገኝም። እሷም ምክንያቷን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ስለማይነገር ነው አልደረሰኝም የምትለው። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣ ኮዱን ከፈተች፣ ባሏ ልክ እዚህ ቦታ «ወደፊት የሚቀጠል» ብሎ የተወውን መስመር አገኘች።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ላውንድሪ የሚገባ ልብስ ሁሉ አንገቱ ላይ ቁጥር ይሰፋበታል፤ ቁጥሩ ባይኖር ነጭ ሸሚዝ ሁሉ የአንድ ሰው በሆነ። መልእክቱ ግን እስካሁን ያለ ቁጥር፣ ራቁቱን ነው የሚሄደው። አሁን በመውጫው በር ላይ ቁጥር የሚሰፋ አንድ ቅጥያ ታስገባለች፤ በመግቢያው በር ላይ ደግሞ ቁጥሩን አይቶ «እስከዚህ ድረስ ደርሶኛል» ብሎ የሚመልስ ሌላ። ይህ መልስ እስኪመጣለት ሰርቨሩ መልእክቱን አይጥልም፤ መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ እንደገና ይልካል። ላኪውም ቢሆን ቆሞ አይጠብቅም፤ ልኮ ወደ ሥራው ይዞራል፣ መልሱ በራሱ ጊዜ ሲመጣ ከጽሑፉ ጎን ያለችው ግራጫ ነጥብ አረንጓዴ ትሆናለች። ደግሞ አንድ ጨዋነት አለው። ብሮውዘርና ሰርቨር መጀመሪያ ሲገናኙ እንደ ማንኛውም ሰው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የሚያውቁትንም ይነጋገራሉ። ሁለቱም ቁጥር መስፋት አውቃለሁ ካሉ ይሰፋል። አንዱ አላውቅም ካለ ሌላው አይቆጣውም፤ እንደ ድሮው ያለ ቁጥር ይልክለታል። ስለዚህ አዲሱን ለማስገባት አሮጌውን ማፍረስ አያስፈልግም። ባሏ የሠራው አንድም መስመር አልተሰረዘም፤ ከጎኑ ተቀጠለበት እንጂ። ይህን ስታስብ ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም ፈጥና ሠራች።

እኩለ ቀን ላይ ካውያ ሻይ ይዛ መጣች። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነበር፤ አልተቀመጠችበትም። መስኮቱ ደፍ ላይ ተደገፈች።

«ምን እየሠራሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም፣ ብትነግሪኝም አይገባኝ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ። ከሠራ፣ ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ለጋሼም?»

«ለጋሼም።»

«ለአድራሹም! አቤት ጉድ! እሱማ ነገ መልቀቂያ ያስገባል።» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። «ሌላ ቦታ ሄጄ ተኩሼ እበላለሁ፣ ያ አይደለም። ግን እኔን እኮ አይተሽ ችላ አልሽ ነው የተባልኩት። ሐር የማታውቅ ብባል ይሻለኝ ነበር። ያላየሁትን አየሽ ስባል ምን እንደሚያበሽቅ!»

ምራቲቱ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። ያየችውን አላየሁም ስትል የኖረችው እሷ ነበረች። «ሻዩ ደስ ይላል» አለች።

«ስኳሩን እማማ ናቸው ያማሰሉት» አለች ካውያ ስትወጣ።

ፀሐዩ ወደ መንገዱ ማዶ ሲሄድ ምራቲቱ ቅጥያውን ሰርቨሩ ላይ ጭና ወረደች። ሥራ አስኪያጁ መተኮሻው ክፍል በር ላይ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ፣ አንድ እግሩን ወደ ባንኮኒው አድርጎ ቆመ፤ ከዚያ ሆኖ የልጅቷንም ስክሪን የካውያንም ግድግዳ ያያል። ማሽኑ ገና አልተነሳም። «ላኪ!» አለ። የባንኮኒዋ ልጅ «ሙከራ» ብላ ላከች። ግድግዳው ላይ «ሙከራ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ነጥብ ግን ግራጫ እንደሆነች ቀረች።

«እንዴ! ይኸው እዚህ ደርሷል፣ እዚያ አልደረሰም ይላል!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይሄስ ደርሶት አልደረሰኝም ባይ ነው። ከናንተው ነው የተማረው።»

እጥበት ክፍሉ ሳቀ። ምራቲቱ ፊቷ ጋለ። ኮዱን በጭንቅላቷ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት፤ ስህተት የለውም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ታብሌት ቀና ብላ አየችውና ገባት። ገጹ የድሮው ነው። ሰርቨሩ አዲስ ልማድ ተምሯል፤ እዚህ ክፍል ያለው ብሮውዘር ግን አዲሱን ገጽ ገና አላየም፤ በሰላምታው ላይ ቁጥር መስፋት አላውቅም ብሏል፣ ሰርቨሩም በጨዋ ደንብ ትቶታል።

«ካውያ፣ ይሄን ገጽ ሪፍሬሽ አድርገሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ኧረ እኔ አልነካሁትም» አለች ካውያ። «ሲሰቅልልኝ፣ ክፍት ሲሆን ነው የሚሠራው፣ እንዳትነካኪው ብሎኝ ነበር።» ማን እንዳላት አልተናገረችም። ማንም አልጠየቀም።

ምራቲቱ በርጩማ ላይ ወጥታ ገጹን በጣቷ ወደ ታች ሳበችው። ስክሪኑ ነጣ፣ ከዚያ አዲሱ ወጣ። «ላኪ!» አለች በተራዋ። ነጥቧ ወዲያው አረንጓዴ ሆነች። «አሁን ማሽኑን አንሺው።» ካውያ ማሽኑን አንስታ መርገጫውን ረገጠችው፤ እንፋሎቱ ጣራ ነካ፤ ልጅቷ ላከች፤ ደረሰ። እንደገና ላከች፤ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፈ፣ የካውያም ፊት ዳመነ። ቀጥላ ረገጠችው፣ በንዴት ነበርና አጥብቃ ረገጠችው፤ ክፍሉ እስከማይታይ ድረስ በጉም ተሞላ። ልጅቷ ላከች። ግድግዳው ላይ ምንም አልወጣም። ባንኮኒው ላይ ነጥቧ ግራጫ ነበረች፣ ግራጫ ሆና ቆየች። ሥራ አስኪያጁ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ዞረ። ካውያ እግሯን ከማሽኑ ላይ አነሳች፣ ጉሙ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው ታብሌቱ ጮኸ፣ «ሐር ነው፣ በእንፋሎት እንዳይተኮስ» የሚል ወጣ። ልጅቷ ናት ይህን ለመጻፍ ያሰበችው። ነጥቧ አረንጓዴ ሆነች።

ከዚያ ካውያ ከሁሉም ቀድማ፣ «ተመስገን! ይሄን ትናንት ብትነግረኝ ምን ነበረበት!» ብላ ለታብሌቱ ተናገረች፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፣ ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። ቀሚሱን አጥፎ ብብቱ ሥር አደረገና፣ «ካውያ፣ ጥፋቱ የቤቱ ነው። አጥፍቻለሁ፣ በቃ» አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ጠበቃዋ ስትመጣም እንዲሁ በአጭሩ ነገራት፤ እሷም ሌላ ቀሚስ እንደሚተካላት ስለሰማች ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ ከመተኮሻው ክፍል ሲወጣ፣ ወደ ምራቲቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «እማዬ ስለ ክፍሉ ስትጽፍልሽ፣ አልደረሰኝም ስትይ፣ እኔ ሆን ብለሽ መስሎኝ ነበር። በሆዴ ብዙ አስቤብሻለሁ። ለካ እውነትሽን ነው።»

ምራቲቱ አንገቷን ደፋች። ትሕትና መሰለው።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁን የሚይዘው ጠፋ። አዲስ መኪና እንደገዛ ሰው በየክፍሉ እየዞረ ሪፍሬሽ ያደርጋል። የእጥበቱን አደረገ፣ የራሱን አደረገ። አድራሹ ከመንገድ ሲገባ ስልኩን ከእጁ ላይ ወስዶ አደረገለትና ወዲያው ዳገት ላይ ላለው ቤት የሚደርስ መጋረጃ አዘዘው፤ ነጥቧ አረንጓዴ ስትሆን አድራሹ እንደ ተነጠቀ ሰው ስልኩን አየ። «ይሄማ ነፃነት መንፈግ ነው» አለ። «አረንጓዴ ነህ፣ ሂድ!» አለችው ካውያ ከውስጥ። አዲሱ ስድብ በዚያች ሰዓት ተወለደ፤ እስከ ምሽት ድረስ በቤቱ አረንጓዴ ያልተባለ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ የቀረው የእማማ ስልክ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጋረጃውን ገልጦ፣ «እማዬ፣ ስልክሽን አምጪው» ሲል እናቱ ስልኩን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት። «የእኔ ይቅር፣ ከድሮው ጋር ለምጃለሁ።» «እንዴት ይቀራል? ኢንጂነር፣ የእማዬን አንቺው አድርጊላት፣ እኔን አትሰማኝም» ብሎ ደንበኛ ወዳለበት ባንኮኒ ሄደ።

አማትና ምራት በጓዳው ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ሻይ አልነበረም። ከላስቲክ በታች የተሰቀሉት ልብሶች ከማሽኖቹ ንዝረት ጋር ትንሽ ትንሽ ይወዛወዙ ነበር።

«ምን ማድረግ ነው ያለብኝ?» አሉ አማቷ።

«ገጹን በጣትዎ ወደ ታች መሳብ ብቻ ነው እማዬ።»

«ካልሳብኩትስ?»

«እንደ ድሮው ይቀጥላል። የእርስዎ ስልክ ቁጥር መስፋት አላውቅም ይላል፣ ሰርቨሩም አይቆጣዎትም።»

«ጨዋ ነው እንዴ!» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቦታ አጥቶ ሄደ። ስልኩን አወጡት፤ አልከፈቱትም፣ በመዳፋቸው እንደ ሞቀ ዳቦ ያዙት። «እሱ በየማታው ይጠይቀኛል» አሉ፣ ወደ ባንኮኒው በአገጫቸው እያመለከቱ። «ጻፍሽላት ወይ ይለኛል። ጻፍኩላት እለዋለሁ። ምን አለች ሲለኝ፣ አልደረሳትም መሰለኝ እለዋለሁ። ሳልጽፍ ጻፍኩ ብዬ አላውቅም። ጽፌ ልኬ ስጨርስ ግን፣ በሆዴ ሰርቨሩን፣ በል እንግዲህ አደራህን ብላው እለዋለሁ።»

ምራቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አንዱንም አልበላው እማዬ። ሁሉም ደርሶኛል።»

«አውቃለሁ» አሉ አማቷ። «ጠዋት ጠዋት ስትወርጂ ፊትሽ ላይ አነበዋለሁ። ስኳርሽን ሳማስል ነው የማየው።»

ባንኮኒው ዘንድ ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ደንበኛ ስለ አረንጓዴዋ ነጥብ እያብራራ ነበር፤ ደንበኛው ሱሪውን ብቻ ነው የሚፈልገው።

«እኔም ወደ ላይ እወጣለሁ፣ አንቺ ገበያ ስትሄጂ» አሉ አማቷ። «ብዙ አልቆይም። ቁጭ እላለሁ።» የት እንደሚቀመጡ አልተናገሩም። «ታዲያ ምነው ባልነካካሽው? ለሁለታችንም ይበቃን ነበር።»

«ካውያ ልትሄድ ነበር እማዬ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ አማቷ። «ያላየችውን አየሽ ተብላ እንዴት ትሄዳለች?» መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱና ስልኩን ከፈቱ። ምራቲቱ ልትረዳቸው እጇን ስትዘረጋ፣ «ተይ፣ እኔው» አሏት። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኑረው ቀስ ብለው፣ መጋረጃ እንደሚያወርድ ሰው፣ ወደ ታች ሳቡት። ነጣ፤ ከዚያ አዲሱ ወጣ።

«ዛሬም ይጠይቀኛል» አሉ። «አሁን ልጻፈው እንግዲህ።»

በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ ጻፉት። ምራቲቱ ጎናቸው ተቀምጣ የምታውቀው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲወጣ አየች። ዛሬ «ልጄ» መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ነበረች። ላኩት። የምራቲቱ ስልክ ኪሷ ውስጥ ጮኸ፤ አላወጣችውም፣ ማውጣትም አላስፈለጋትም፤ በአማቷ ስክሪን ላይ ነጥቧ አረንጓዴ ሆነች። ሁለቱም አጎንብሰው አዩዋት። ትንሽ፣ ጥርት ያለች ነጥብ ነበረች፤ በደንብ የተሠራች።

«ሠራልሽ እማዬ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ከባንኮኒው።

«ሠራልኝ» አሉ እናቱ።

ምራቲቱ ስልኳን አውጥታ በቤተሰቡ መስመር ላይ «እሺ እማዬ» ብላ ጻፈች። የአማቷ ስልክ ጮኸ፤ ባንኮኒው ላይም የሥራ አስኪያጁ ጮኸ። እሱ አንብቦ፣ ደንበኛውን ሸኝቶ መጋረጃውን በጥቂቱ ገለጠ፣ ሁለቱን አየ፣ መልሶ ዘጋው። በማግስቱ ልብስ ሰፊው መስኮቱን ለክቶ ሄደ፤ በወሩ መጀመሪያ ማሽኖቹን አስገባ።

ላውንድሪው ዛሬም ይሠራል። ካውያ አለች፤ ቦይለሩ አዲስ ነው፤ የሚላክ ሁሉ ይደርሳል። የላይኛው ክፍል የላቸውም።